ኮድ አልባ የሶፍትዌር መፈተሻ፦ ትልቅ ድርጅት ምን ዓይቶ ይምረጥ?

ኮድ አልባ መፈተሻ፣ ፕሮግራም መጻፍ የማያውቅ ባለሙያ፣ ለምሳሌ የባንክ ብድር ክፍል ሠራተኛ፣ አንድ ሶፍትዌር በትክክል መሥራቱን በኮምፒውተር እንዲያስፈትሽ የሚያስችል መሣሪያ ነው። ኮዱ ከበስተጀርባ ተደበቀ እንጂ አልጠፋም። ሐሳቡም የዛሬ አይደለም። ጃፓናዊው ሺንያ ካሳታኒ በ2006 እ.ኤ.አ. ያወጣው ሴሌኒየም አይዲኢ በፋየርፎክስ ላይ የተጠቃሚውን ጠቅታ ቀድቶ ይደግም ነበር። የዴንማርኩ ሊፕወርክ ፍተሻውን በሣጥንና በቀስት ያሠራል፤ ኦስትሪያ ውስጥ የተወለደው ቶስካ ደግሞ የእያንዳንዱን ስክሪን ሞዴል አንዴ መዝግቦ ፍተሻዎቹን በዚያ ላይ ያዋቅራል።

ብዙ ገዢ የሚጠይቀው ፍተሻ ለማዘጋጀት ስንት ደቂቃ እንደሚፈጅ ነው። ገንዘቡን የሚበላው ግን ጥገናው ነው። «ክፈል» የሚል ቁልፍ እንውሰድ። መሣሪያው ቁልፉን የሚያውቀው በገጹ ኮድ ውስጥ በተሰጠው መለያ ከሆነ፣ ፕሮግራመሮቹ ገጹን ሲያድሱ መለያው ይቀየርና ክፍያው ደህና እየሠራ ፍተሻው ይወድቃል። ቁልፉ 400 ፍተሻዎች ውስጥ ካለ፣ ጠቅታ የሚቀዳው መሣሪያ 400 ቦታ ሊያስጠግን ይችላል፤ በሞዴል የሚሠራው አንድ ቦታ። «ራሱን ይጠግናል» እየተባለ የሚሸጠው ችሎታ የጠፋውን ቁልፍ በመልኩና በቦታው ገምቶ ይፈልጋል። መልካም ነው፤ ግን «ሰርዝ»ን ተጭኖ «አልፏል» ሊልም ይችላል። ምን እንደገመተ መዝግቦ የማያሳይ መሣሪያ አይታመንም።

ትልቅ ድርጅት ያለው ድረ ገጽ ብቻ አይደለም። የሞባይል መተግበሪያ፣ እንደ ኤስኤፒ ያለ የድርጅት ሥራ ማስተዳደሪያ ሶፍትዌር፣ አንዳንዴም በጥቁር ስክሪን የሚሠራ አሮጌ ሜይንፍሬም ይኖረዋል፤ አንድ የብድር ጥያቄ ሁሉንም አቋርጦ ሊያልፍ ይችላል። የሴሌኒየም አይዲኢ መሠረት የሆነው ሴሌኒየም የሚያዝዘው ብራውዘርን ብቻ ስለሆነ በእሱ ብቻ የቆመ መሣሪያ መንገድ ላይ ይቀራል። ሲስተሙ በአማርኛ የሚሠራ ከሆነ፣ መሣሪያው የግዕዝ ፊደል ሳያበላሽ ማስገባትና ማንበብ፣ 13ኛ ወር ባለው የቀን መምረጫ ላይም ጳጉሜን 5ን ወይም 6ን መምረጥ መቻሉ አስቀድሞ ይታይ። የደንበኛ መረጃ ከድርጅቱ ሰርቨር እንዳይወጣ ከተከለከለ፣ በክላውድ ብቻ የሚሠራው ከወዲሁ ይወገዳል። የትኛውን ፍተሻ ማን መቼ እንደቀየረ መመዝገቡም ለኦዲት ግድ ነው።

የባለቤትነት ነገርም አለ። በ1990ዎቹ ዝነኛ የነበረው የዊንራነር መፈተሻ መሣሪያ ባለቤት ሜርኩሪ በ2006 በ4.5 ቢሊዮን ዶላር ገደማ ለኤችፒ ተሸጠ፤ ኤችፒም በ2008 የዊንራነር ድጋፍ እንደሚቆም አስታወቀ። የቀድሞው ሴሌኒየም አይዲኢ ደግሞ በ2017 ፋየርፎክስ 55 ሲወጣ መሥራት አቆመ። ፍተሻዎቹን ሌላ መሣሪያ ሊያነበው በሚችል መልክ የማያስወጣ ምርት ገዢውን እስረኛ ያደርገዋል።

ከውል በፊት መሣሪያው ሻጩ ባዘጋጀው ማሳያ ሳይሆን ድርጅቱን በጣም ባስቸገረው ስክሪን ላይ፣ በድርጅቱ ሠራተኞች እጅ ይሞከር። ከዚያ ስክሪኑ ሆን ተብሎ ይቀየርና ጥገናው የፈጀው ሰዓት ይቆጠር። በዚህ የማይስማማ ሻጭ ቢቀር ይሻላል።