ለቀበሮ የተሰጠ ብር፣ የውሻ ክትባት

ለዱር እንስሳ ብር የሚሰጥ ሰው ብዙውን ጊዜ በዓይነ ኅሊናው የሚታየው ቁስሉ የሚታጠብ አንበሳ ወይም ጡጦ የሚጠባ ግልገል ነው። እንዲህ ያለ ሥራ በርግጥ አለ። በ1984 (ዓመቶቹ ሁሉ በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው) እንግሊዝ ውስጥ የተመሠረተው ቦርን ፍሪ፣ ሆለታ አጠገብ «እንሰሳ ኮቴ» በተባለው ማእከሉ ከሰው እጅ የተወረሱ አንበሶችንና አቦሸማኔዎችን ይንከባከባል። ጎብኚ ሄዶ ሊያያቸው ይችላል፤ ለጋሹም ፎቶግራፍ ይላክለታል።

የዚሁ ድርጅት ድጋፍ ባሌ ተራሮች ሲደርስ ግን መልኩ ይለወጣል። እዚያ ብሩ የሚውለው ለውሻ ነው።

ቀይ ቀበሮ ከኢትዮጵያ ውጭ የትም የለም። ለአካለ መጠን የደረሱት ከ500 አይበልጡም፤ ከግማሽ በላይ የሚሆኑት ባሌ ናቸው። ኑሯቸው በፍልፈልና በአይጥ ነው። አደናቸውን ለየብቻ ያድናሉ፤ ጠዋት ግን የአንድ መንጋ አባላት ይሰበሰባሉ። ጅራታቸውን እየቆሉ፣ አፍንጫ ለአፍንጫ እየተነካኩ፣ አንዱ የሌላውን አፍ እየላሰ ሰላምታ ይለዋወጣሉ። ለዓይን ደስ ይላል። ችግሩ የእብድ ውሻ በሽታ በምራቅ የሚተላለፍ መሆኑ ነው። ታሞ የመጣ አንድ ውሻ አንዲት ቀበሮ ከነከሰ፣ የቀረውን ሥራ ቤተሰቡ ራሱ ይጨርሰዋል። በ1991 እና 92 የተነሳው ወረርሽኝ ከተጠቁት መንጋዎች እስከ ሦስት አራተኛውን ጨርሷል። በ2003፣ በ2008 እና በ2014 ደግሞ ተመልሶ መጣ።

«ታዲያ ውሾቹን ማስወገድ ነዋ!» የሚል የከተማ ሰው አይጠፋም። ያ ሰው በረት ጠብቆ አያውቅም። ጅብና ነብር ባለበት አገር ውሻ የሌለው እረኛ በጎቹን ለአውሬ አሳልፎ እንደሰጠ ይቆጠራል። በ1995 የተቋቋመውና ቦርን ፍሪ የሚደግፈው የኢትዮጵያ ቀይ ቀበሮ ጥበቃ ፕሮግራም ይህን ስለተረዳ የመረጠው መከተብን ነው። ባለሙያዎቹ በፈረስና በእግር ከመንደር መንደር ይዞራሉ፤ ክትባቱ እንዳይሞቅ በበረዶ ሳጥን ይጓዛል፤ ባለቤቱ ውሻውን አንገቱን ጨብጦ ይይዛል፣ መርፌው ይወጋል። በየዓመቱ ቡችላ ይወለዳል፤ የተከተበውም ይሞታል። ስለዚህ በየዓመቱ እንደገና መዞር ግድ ነው።

ቀበሮዎቹም ቢሆኑ አልቀረላቸውም። ከ2018 ጀምሮ ባሌ ውስጥ በትንሽ ከረጢት ታሽጎ በፍየል ሥጋ ውስጥ የተደበቀ ፈሳሽ ክትባት ይሰጣቸዋል። ሥጋው በሌሊት ይሰራጫል፤ ቀበሮው ሲያኝክ ከረጢቷ ትፈነዳለች፣ ክትባቱም አፉን ያረጥባል። ወጥመድ አያስፈልግም። ሁሉንም መከተብም አያስፈልግም፦ በ2006 የወጣ ጥናት ከአሥር ቀበሮዎች ከሁለት እስከ አራቱን መከተብ መንጋዎቹን ከመጥፋት ሊታደግ እንደሚችል አሳይቷል። በጥቂት ብር ብዙ ሕይወት ማትረፍ ማለት ይህ ነው።

ለጋሾች ግን አንድ የማይለቅ ጥያቄ አላቸው፦ «ከሰጠሁት ስንቱ እንስሳው አፍ ይገባል?» እዚህ ላይ መልሱ «ከፍየል ሥጋው በቀር ምንም» ነው። ብሩ ቀበሮዎቹን የሚከታተለው ሠራተኛ ደመወዝ፣ የመኪናው ነዳጅ፣ የፈረሱ ገፈራና የበረዶ ሳጥኑ ይሆናል። ይህን «አስተዳደራዊ ወጪ» ብሎ የሚያጣጥል ለጋሽ ስለ በሽታው አላሰበም። ክትባቱን ተራራ ላይ የሚያወጣው ሰው ነው፤ ሰው ደግሞ ይበላል። ወረርሽኝ ሲነሳ ደንግጦ አንድ ጊዜ ብዙ ከሚሰጥ ይልቅ፣ ቀበሮዎቹ ጤነኛ በሆኑበትና ምንም ወሬ በሌለበት ዓመት ጥቂት የሚሰጥ ይበልጣል።

መስጠት ያልቻለ አንባቢ ደግሞ ባሌ ውስጥ ከጎባ ወደ ደሎ መና ሲያቋርጥ የሳነቴን ሜዳ በዝግታ ይንዳ። መንገዱ የሚያልፈው በቀበሮዎቹ መኖሪያ መካከል ነው። ከመስኮት አጥንት መወርወርም ደግነት አይደለም፤ ውሻና ቀበሮን አንድ ቦታ ያገናኛል።