ርካሹ ስልክም ይከፍላል

ስልክ ሊገዛ የመጣ ሰው «በዚህ መክፈል ይቻላል?» ብሎ ሲጠይቅ፣ ሻጩ ወደ ውዶቹ ስልኮች መደርደሪያ ሲመራው ብዙ ጊዜ አይቻለሁ። ርካሹን ስልክ መበደል ነው። ጫፉ ላይ መብራት ያለው ባለ ቁልፍ ቀፎ ሳይቀር ይከፍላል።

ግራ የሚያጋባው ኤንኤፍሲ የሚባለው ነው። ስልኩን ወደ ማሽን ሲያስጠጉት በ13.56 ሜጋኸርዝ ሞገድ፣ ከጥቂት ሳንቲ ሜትር በማይበልጥ ርቀት ይነጋገራል። ገበያችንን ከሞሉት ርካሽ የቴክኖ፣ የአይቴልና የኢንፊኒክስ ስልኮች አብዛኞቹ ይህ የላቸውም። ባይኖራቸውም አይጎዱም፤ ሳይነካኩ ለመክፈል ኪውአር ኮድ የሚያነብ ካሜራ ይበቃል። የጃፓኑ ዴንሶ ዌቭ በ1994 እ.ኤ.አ. ለመኪና መለዋወጫ መቆጣጠሪያ ያወጣው ኪውአር ኮድ፣ በጥብቅ ደረጃው ከተሠራ ሠላሳ በመቶ ያህሉ ቢበላሽም ይነበባል። ሱቅ በር ላይ ፀሐይና አቧራ የጠገበው ተለጣፊ ዛሬም የሚሠራው ለዚህ ነው።

እኔ ግን ከሁሉ የምወደው ኮከብና መሰላሉን ነው። ቴሌብር በግንቦት 2013 ዓ.ም. ሲጀመር መተግበሪያውን ለማውረድ የተሯሯጠው ብዙ ነው፤ ኮከብ 127 መሰላል ብሎ የደወለው ግን ኢንተርኔትም ዘመናዊ ስልክም አላስፈለገውም። ቀሪ የአየር ሰዓት ለማየት ኮከብ 804 መሰላል የምንለው በዚያው መንገድ ነው። የንግድ ባንክ 889ም፣ የኤምፔሳ 733ም እንዲሁ።

መንገዱ ዩኤስኤስዲ ይባላል። ስልክ ሁሉ፣ ማንም ባይደውልበት እንኳ፣ «እዚህ ነኝ» ለማለትና ጥሪ ለማስጀመር ከኔትወርኩ ጋር የሚነጋገርበት ጠባብ የምልክት መስመር አለው። ዩኤስኤስዲ የሚያልፈው በዚህ ነው። ዳታ ባይሞላም፣ ኢንተርኔት ቢቋረጥም፣ ለጥሪ የሚበቃ ኔትወርክ ካለ ብዙ ጊዜ ይሠራል። አጭር መልእክት ተቀባዩ ስልክ ጠፍቶ ከሆነ ተጠብቆ ይቆያል፤ ዩኤስኤስዲ ግን የፊት ለፊት ንግግር ነው። ቶሎ ካልመለሱለት ይዘጋል፣ እንደገና ከመጀመሪያው ይጀመራል።

የመስመሩ ጥበት ፊደላችን ላይ ይበረታል። አንድ ገጽ የሚይዘው 160 ባይት ነው። በላቲን ፊደል ከሆነ 182 ምልክት ይገባበታል፤ የእኛ እያንዳንዱ ፊደል ሁለት ባይት ስለሚወስድ የሚገባው 80 ብቻ ነው። ክፍት ቦታውም ነጥቡም ይቆጠራል። «1. ገንዘብ ለመላክ» የሚለው ብቻ መስመር መቀየሪያውን ጨምሮ 13 ይበላል፤ እንዲህ ያለ ስድስት መስመር ከተጻፈ ገጹ ሞላ። የአማርኛው ምርጫ አጥሮ፣ ቃሉ ተቆርጦ፣ «ቀጣይ» እየተባለ ገጽ በገጽ የሚመጣው አንዱ ምክንያት ይህ ነው። ሠሪዎቹን ሰነፍ የሚሉ ሰዎች በዚህች ጠባብ ቦታ ላይ እያንዳንዷን ፊደል መዝኖ የሚያስቀምጠውን ባለሙያ አያውቁትም። እኔ አከብረዋለሁ።

ሌላው የተሳሳተ እምነት ብሩ ስልኩ ውስጥ ነው የሚለው ነው። ቀፎው ሲሰረቅ «ገንዘቤ ሄደ» ብሎ የሚያለቅስ ሰው አለ። ገንዘቡ የተመዘገበው በአገልግሎት ሰጪው መዝገብ ላይ ነው፤ ስልኩ ወደዚያ መዝገብ ማዘዣ ብቻ ነው። ቶሎ ደውሎ ማሳገድ፣ ከዚያ ሲሙን በራስ ስም እንደገና ማውጣት ነው። ሲሙ በወንድም ወይም በጎረቤት ስም ከሆነ ግን ነገሩ ይከብዳል። እባካችሁ በራሳችሁ ስም አስመዝግቡ።

የሚስጥር ቁጥሩን ለወኪሉ ነግሮ «አንተ አስገባልኝ» የሚለው ሰው ደግሞ ያስቆጣኛል። በብዙ ባለ ቁልፍ ስልኮች ላይ ቁጥሩ በዩኤስኤስዲ ሲጻፍ ሳይሸፈን እንደተጻፈ ይታያል፤ ስለዚህ በእጅ ከልሎ ራስ መጻፍ ነው እንጂ ለሌላ መስጠት አይደለም። እናቶችን በዚህ የሚያግዝ የቤተሰብ ልጅም ቢሆን ማስተማር እንጂ ቁጥሩን ራሱ ማስገባት የለበትም።

ሻጮችም ስክሪንሾት አይቶ ዕቃ መስጠት ይቅርባችሁ። ከፈልኩ በሚል ሰው ስልክ ላይ ያለ ሥዕል ሊቀነባበር ይችላል። ሰፈራችን ጉሊት ላይ ሽንኩርት የሚሸጡ እናት ባለ ቁልፍ ስልካቸውን ከመቀነታቸው አውጥተው፣ «ልጄ፣ ለእኔ ሳይገባ አትሂድ» ይላሉ። ማንበብ ስለማይችሉ መልእክቱን ጎናቸው ያለችው ነጋዴ ታነብላቸዋለች፦ መጠኑን፣ የላኪውን ስም፣ የግብይት ቁጥሩን። ሦስቱ ሲስማሙ ብቻ ሽንኩርቱን ወደ ፌስታሉ ይጨምራሉ።