ሱቅ ሲዘጋ መስጂድ በምን ያድራል?

(ድምፅ፦ የገበያ ጫጫታ፣ ዕቃ የሚያራግፍ የጭነት መኪና)

ተራኪ፦ ከደጀን የሚነሳው መንገድ ጮቄን በግራ፣ የአባይን በረሃ በቀኝ እየተወ በብቸናና በሞጣ አልፎ ባሕር ዳር ይገባል። የአካባቢው ጤፍ በዚህ መንገድ ይወጣል፤ ጨርቁ፣ ጫማው፣ ስኳሩ በዚሁ ይገባል። በብቸናም በሞጣም ሙስሊሙ በቁጥር ጥቂት ነው፤ ከባንኮኒ ጀርባ ግን በብዛት ታገኙታላችሁ።

ነገሩ የሙያ ምርጫ ብቻ አይደለም። በድሮው ሥርዓት እዚህ አገር ሙስሊም ርስት መያዝ አይችልም ነበር ቢባል ከእውነት አይርቅም። ቤተ ክርስቲያን የሰሞን መሬት ነበራት፤ መስጂድ የነበረው የነጋዴውና የሸማኔው ኪስ ነው። የ1967ቱ አዋጅ መሬትን ለአራሹ አደለ፤ ነጋዴው ግን አራሽ አልነበረም። በዚያው ዓመት ሐምሌ የወጣው የትርፍ ቤት አዋጅ ደግሞ ቤት አከራይቶ መኖርን ለረጅም ጊዜ ዘጋው። ኪሱ እንደገና ብቻውን ቀረ።

(ድምፅ፦ የጁሙዓ ሶላት ማብቂያ፣ የሰው ጉርምርምታ)

ተራኪ፦ የትንሽ ከተማ መስጂድ ባጀት የሚታየው ዓርብ ቀን፣ ሶላቱ አልቆ ሰው ጫማውን መፈለግ ሲጀምር ነው። ሁለት ወጣቶች ነጠላ ከጫፍ እስከ ጫፍ ወጥረው በሰዉ መካከል ያልፋሉ፤ አሥር ብሩም ሃምሳ ብሩም ይጣልበታል። በሩ ጋ ደግሞ ቁልፍ ያለው ሣጥን አለ። የኢማሙ ድጎማ፣ የሙአዚኑና የዘበኛው ደመወዝ፣ ልጆች ቁርኣን የሚያስቀራው ኡስታዝ አበል፣ የውዱእ ውሃ፣ የመብራቱ ቢል፣ ሁሉም ከዚህ ነው። የገባው በወሩ ይወጣል፤ ተቀማጭ የሚባል ነገር እምብዛም አይታወቅም።

በቱርክ ኢማም የመንግሥት ደመወዝተኛ ነው። እኛ ጋ ሕገ መንግሥቱ በአንቀጽ 11 መንግሥትንና ሃይማኖትን ለያይቷል፤ ልክም ነው። ነጠላው ባዶውን በሚታጠፍበት ዓርብ ግን አቤት የሚባልበት መሥሪያ ቤት የለም።

ለሞጣ ያ ዓርብ ከኮሮናም ቀድሞ መጣ። ታኅሣሥ 10 ቀን 2012 ዓ.ም.፣ ዕለቱም ዓርብ ነበር፣ መስጂዶች ተቃጠሉ፤ የሙስሊም ነጋዴዎች ሱቆችም ተዘረፉ። ዜናው በይበልጥ ስለ መስጂዶቹ አወራ። ሒሳብ ለሚሠራ ሰው ግን ሁለቱ ጉዳቶች አንድ ናቸው፤ መስጂዱን መልሶ የሚያቆመው ገንዘብ የነበረው ሱቁ ውስጥ ነው። ከአዲስ አበባም፣ ከሌሎች ከተሞችም፣ ከውጭ አገርም መዋጮ ተሰበሰበ፤ ክርስቲያኖችም ሰጡ። ግድግዳ በመዋጮ ይቆማል። ደንበኛው፣ ዱቤው፣ ከጅምላ ሻጩ ጋር የነበረው መተማመን ግን ጊዜ ይፈልጋል።

ጊዜ ደግሞ አልተገኘም። ሦስት ወር ሳይሞላ፣ መጋቢት 4፣ የመጀመሪያው የኮቪድ ታማሚ በአገራችን መገኘቱ ተነገረ። በዚያው መጋቢት የአማራ ክልል ባሕር ዳርን ከሌሎች ሦስት ከተሞች ጋር ለ14 ቀን ዘጋ፤ የሞጣ መንገድ ጫፉ ላይ ተቆለፈ ማለት ነው። የጀመዓ ሶላት ተቋረጠ። መጋቢት 30 በታወጀው የአስቸኳይ ጊዜ ከአራት ሰው በላይ መሰብሰብ ተከለከለ። ረመዳን ሚያዝያ 16 ሲገባ ተራዊሑም ኢፍጧሩም በየቤቱ ሆነ። የዓመቱን ጎዶሎ የሚሞላው ወር እንዲህ አለፈ።

«ረመዳን የዘካ ወር አይደለም እንዴ?» የሚል ይኖራል። የዘካ ተቀባዮች ስምንት ሆነው በቁርኣን ተለይተዋል፤ አብዛኞቹ ዑለማዎች ለመስጂድ ግንባታ እንዲውል አይፈቅዱም። ዘካተል ፊጥርም የድሃው እህል ነው። የዘበኛው ደመወዝ የሚጠብቀው በፈቃድ የሚሰጠውን ሰደቃ ነው። በዚያ ሰሞን መቶ ብር የተረፈው ነጋዴ ሥራ ለፈታ ጎረቤቱ ዱቄት ቢገዛበት ደግ አደረገ፤ እኔ በበኩሌ ሌላ አልመክረውም። መስጂዱ የተጎዳው ሰው ስለሰሰተ አልነበረም፤ መስጠት ለሚገባው ስለሰጠ ነው።

በስልክ እንዳይላክ፣ ቴሌብር ገና አልነበረም፤ ሥራ የጀመረው በግንቦት 2013 ነው። የባንክ ሒሳብ ቁጥር መለጠፍ ይቻላል፤ ነጠላው ላይ አሥር ብር የሚጥሉ አዛውንት ግን ለአሥር ብር ባንክ ቤት አይሰለፉም።

(ድምፅ፦ የወፍጮ ሞተር)

ተራኪ፦ መዋጮ ሲቋረጥ ለሚመጣው ለዚህ ችግር እስልምና ከጥንት ያበጀው መላ ወቅፍ ነው፤ ንብረቱ አይሸጥም፣ አይወረስም፣ ፍሬው ብቻ ለታሰበለት ይውላል። በከተማ ወቅፍ ሲባል ብዙ ጊዜ የሚታሰበው አጥር ላይ ተሠርቶ የሚከራይ ሱቅ ነው። ኮሮና የዚህን ጉድለት አሳየ። ተከራዩ ራሱ ገበያ የጠፋበት ነጋዴ ነው፤ ተከራይ ማስወጣትም ኪራይ መጨመርም በአስቸኳይ ጊዜው ተከልክሎ ነበር፤ ክልከላውም ተገቢ ነበር። ወቅፉ ሁሉ ሱቅ ከሆነ መስጂዱ የሚወድቀው ከገበያው ጋር አብሮ ነው። ወፍጮ ቤት ግን በወረርሽኝም ይፈጫል። ለመምህርና ለጤና ባለሙያ የተከራየ ክፍልም እንዲሁ፤ ደመወዙ አልተቋረጠምና።

በሰኔ 2012፣ በዚያው በጭንቁ ወቅት፣ የሕዝብ ተወካዮች ምክር ቤት ለኢትዮጵያ እስልምና ጉዳዮች ጠቅላይ ምክር ቤት በአዋጅ የሕግ ሰውነት ሰጠ። ከአዲስ አበባ ሲታይ ትልቅ የታሪክ ቀን ነው። ብቸናና ሞጣ ላይ ግን ትርጉሙ የሚለካው በአንድ ወረቀት ነው፦ ወፍጮው የሚተከልበት ቦታ ካርታ በመስጂዱ ስም ይወጣል ወይስ በአንድ ሽማግሌ ስም? በሽማግሌው ስም ከወጣ፣ እሳቸው ያለፉ ዕለት ወቅፉ ከወራሾች ጋር ፍርድ ቤት ይቆማል።