ውሃ የሚጠጣው ድንጋይና ጀማሪዋ ዲዛይነር

ከጀማሪ የጌጣጌጥ ዲዛይነር ጋር ስትተዋወቁ ጥፍሯን እዩ። በቀለም አምሮ ከሆነ ገና ወረቀት ላይ ናት፤ ሥሩ ጠቁሮ ካያችሁት ግን ሥራ ጀምራለች። ሰው ስለዚህ ሙያ ሲያስብ የሚታየው እርሳስና ንድፍ ነው። ንድፉ ከቀኗ የሚወስደው ጥቂት ሰዓት ነው፤ የቀረው መጋዝ፣ ሞረድ፣ እሳትና ጽዳት ነው። ጽዳቱንም አትናቁት። ከሞረድ የሚወርደው ብናኝ ጭኗ ላይ በተዘረጋው ቆዳ ይጠራቀማል፤ የወለሉ ጥራጊ እንኳ አይደፋም፣ ተለቅሞ ይቀልጣል። ለጉብኝት የአንጥረኛ ክፍል ገብታችሁ ስትወጡ ደጅ ላይ ጫማችሁን ብታራግፉ፣ የምታራግፉት የሰው ገንዘብ ሊሆን ይችላል።

ስለ ብሩ ብዙ ማለት አያስፈልግም። ንጹሕ ብር ስለሚለሰልስ ከ1000 እጅ 925ቱ ብር፣ የቀረው አብዛኛውን ጊዜ መዳብ ሆኖ ይሠራበታል። የድሮ አንጥረኞቻችን ጠገራ ብር ያቀልጡ ነበር፤ ክብደቱ 28 ግራም፣ ከ1000 እጅ 833ቱ ንጹሕ ብር፣ በየትኛውም ዘመን ይመታ ላዩ ላይ የተቀረጸው ዓመት ሁልጊዜ 1780። ብር ሲቀጠቀጥ ይጠነክራል፣ እሳት ሲያገኘው መልሶ ይለሰልሳል። ይህን በእጇ ያወቀች ልጅ የመጀመሪያውን ትምህርት ጨርሳለች።

እኔን የሚያናድደኝ ሚዛኑ ነው። አፄ ምኒልክ ባለሙያን በሙያው መስደብን በአዋጅ የከለከሉት በ1900 ዓ.ም. ነው። ዛሬ «ጠይብ» እያለ የሚሳደበው ቢቀንስም፣ ቀለበቱን ሚዛን ላይ አስቀምጦ በግራም አባዝቶ ሊከፍል የሚፈልግ ደንበኛ ሞልቷል። የእጅ ዋጋ ሲነሣ ፊቱ ይጠቁራል። ብዙ የተሞረደ ቀለበት እኮ ካልተሞረደው ይቀላል! በዚህ ስሌት ከሄድን ጎበዟ ልጅ ከሰነፏ ያነሰ ልትበላ ነው።

ወደምወደው ነገር ልምጣ፤ ወደ ኦፓል። ከሰሜን ሸዋ መዘዞ የሚወጣው ኦፓል እ.ኤ.አ. በ1990ዎቹ ገበያ ደርሶ ነበር፤ ይሰነጠቃል የሚል ስም ወጣለትና ብዙ አልገፋም። እ.ኤ.አ. በ2008 ወሎ ውስጥ፣ ደላንታ ወረዳ፣ ወገል ጤና አጠገብ ሌላ ተገኘ። ቆፋሪዎቹ ገደል ወገብ ላይ ቆመው ወደ ጎን ይሰረስራሉ፤ ድንጋዩ ያለው ከ30 ሚሊዮን ዓመት ገደማ በፊት እሳተ ገሞራ ከተፋቸው ንብርብሮች መካከል፣ በአንዲት ስስ ንብርብር ውስጥ ነው። አልማዝ ለመግዛት አቅሙ ለሌላት ጀማሪ እንዲህ ያለ ድንጋይ በገዛ አገሯ መገኘቱ ትልቅ ዕድል ነው።

ያ ሁሉ ቀይና አረንጓዴ ብልጭታ ከቀለም አይደለም የሚመጣው። ድንጋዩ ውስጥ በዓይን የማይታዩ የሲሊካ እንክብሎች በረድፍ ተደርድረው፣ በመካከላቸው የሚያልፈውን ብርሃን ይበታትናሉ፤ ተለቅ ያሉት እንክብሎች ቀዩን፣ አነስ ያሉት ሰማያዊውን ያወጣሉ። የወሎው ኦፓል ደግሞ አብዛኛው በእንክብሎቹ መካከል ክፍተት አለው። ስለዚህ ውሃ ሲያገኝ ይጠጣል። ውሃው አየሩን አስለቅቆ ክፍተቱን ሲሞላ ብርሃን በድንጋዩ ውስጥ ሳይሰናከል ያልፋል፤ ድንጋዩ ጥርት ይላል፣ ብልጭታው ይደበዝዛል፣ አንዳንዴም ጨርሶ ይጠፋል። ሲደርቅ ይመለሳል። ነገሩ ይኸው ነው። ድንጋዩ ሐሰተኛ አይደለም፣ ማንም አልለወጠባችሁም።

ይህን ለማስረዳት ግን የጀማሪዋ ስንት ቀትር እንደሚያልፍ! አንዷ ዘንድ ተቀምጬ የሰማሁት ይህ ነው፦

«ልጄ፣ ይሄ ነገር ጠርሙስ ሆነብኝ እኮ።»

«እትዬ፣ ሳህን አጥበውበት ይሆን?»

«ታዲያ እጄን አውልቄ ልጠብ?»

«እጅዎ ይቆይ፣ ቀለበቱን ያውልቁ።»

ሴትዮዋ ሳቁ። ቀለበቱን ለስላሳ ጨርቅ ላይ፣ ጥላ ውስጥ ለጥቂት ቀናት አቆየችላቸውና ብልጭታው ተመለሰ። እሳቸው ዕድለኛ ናቸው፤ ድንጋያቸው የጠጣው ውሃ ብቻ ነው። ዘይት፣ ቅባትና ሽቶ እንደ ውሃ ተነው አይሄዱም፤ ገብተው ቀለሙን ሊያበላሹት ይችላሉ። ሽቶውን ተቀቡ፣ ይድረቅ፣ ከዚያ ጌጡን አድርጉ። ቅደም ተከተሉ ይህን ያህል የሚከብድ አይደለም። ቶሎ ይድረቅልኝ ብሎ ምድጃ አጠገብ ወይም ፀሐይ ላይ የሚያሰጣውም አለ፤ እሱ የሚያተርፈው ስንጥቅ ነው። «ኦፓል ውሃ ውስጥ ይቀመጣል» የሚል ምክር የሰማችሁም እርሱት። ወደ ውስጡ ውሃ ለሚያስገባው ለወሎው ኦፓል ይህ ምክር አይሆንም።

ይህንኑ ጠባዩን ነጋዴም ያውቀዋል። ድንጋዩ ስለሚጠጣ ቀለም ማጠጣት ይቻላል፤ በጭስ ማጥቆርም ይቻላል። ዓይን የሚወጋ ሐምራዊ የወሎ ኦፓል ካያችሁ ጠርጥሩ። ውሃ በሞላ ማሰሮ ውስጥ ሆኖ የሚሸጥ ጥሬ ድንጋይም እንዲሁ፤ ውሃው ስንጥቁን ይደብቃል፣ ክብደቱንም ይጨምራል፣ ሽያጩ ደግሞ በክብደት ነው። ሳትጠነቀቅ የምትገዛ ጀማሪ በድንጋይ ዋጋ ውሃ ገዝታ ትሄዳለች። ብልኋ ደረቁን ትጠይቃለች፤ ድንጋዩ መጠጣት አለመጠጣቱን ለማወቅም ደረቁን ጥሬ ምላሷ ላይ ታስነካዋለች፤ የሚጠጣው ይጣበቃል። ገበያ መካከል ድንጋይ የምትልስ ልጅ ካያችሁ ሥራ ላይ ናትና አትሳቁባት።

ቆረጣው ደግሞ ጉድ ነው። ድንጋዩ እንዳይግል የሚሞረደው በውሃ ነው፤ ውሃ ሲነካው ደግሞ ብልጭታው ይሸሻል። ስለዚህ ቆራጩ ውበቱን እያወጣ ውበቱን አያየውም። በደረቁ ጊዜ የትኛው ፊቱ እንደሚያምር ለይቶ ምልክት ያደርግበታል፣ ከዚያ በእምነት ይቆርጣል። ዲዛይነሯም ለስንት እንደሚሸጥ፣ ለየትኛው ጌጥ እንደሚሆን የምትወስነው ድንጋዩ ደርቆ ሲያበቃ ነው።

ጥንካሬው በሞስ መለኪያ ከ5.5 እስከ 6.5 ነው። የኳርትዝ ጥንካሬ 7 ሲሆን የመንገዳችን አቧራ ውስጥ ኳርትዝ አይጠፋም፤ አቧራ የጠጣ ቀለበት በነጠላ ጫፍ ደጋግሞ መወልወል ድንጋዩን መፋቅ ነው። በእኔ አስተያየት ኦፓል ከቀለበት ይልቅ ለጉትቻና ለሐብል ይሻላል፤ ጆሮ ሳህን አያጥብም። ቀለበት ይሁንልኝ ላለ ደግሞ ዲዛይነሯ ድንጋዩን ዙሪያውን በብር ከንፈር ታቅፈዋለች። የብሩ ብየዳ ሁሉ የሚያልቀው ድንጋዩ ሳይገባ ነው፤ እሳትና ኦፓል አይገናኙም። «ጠበበኝ፣ አሁኑኑ አስፊልኝ» ማለት «ድንጋዩን ፈልቅቀሽ እንደገና ጀምሪ» ማለት መሆኑን የሚያውቅ ደንበኛ ጥቂት ነው።

ጉትቻ ቢሻልም ሁለት መንትያ ድንጋይ ይፈልጋል። ሁለት የሚመሳሰል ኦፓል ማግኘት ጭንቅ ስለሆነ፣ ይሻላል የሚባለው አንዱን ጥሬ ለሁለት መክፈል ነው። ከዚያ ሁለቱም በውሃ ይቆረጣሉ፣ ሁለቱም እስኪደርቁ ይጠበቃሉ፣ ጎን ለጎን ይታያሉ፤ አንዱ ካነሰ ሌላ ጥሬ ይከፈላል። ለቅዳሜ ሠርግ ሐሙስ መጥታ «የኦፓል ጉትቻ» ለምትል ደንበኛ የሚደርስላት ድንጋይ የሌለው የብር ጉትቻ ነው፤ እሱም ማክሰኞ ብትመጣ ኖሮ።