ጤና አዳምና ፅንስ፦ ተረትና እውነታ

ጤና አዳም፣ በሳይንሳዊ ስሙ ሩታ ካሌፔንሲስ፣ ጠርዛቸው የተዘለዘለ ቢጫ አበቦች የሚያወጣ የሜዲትራኒያን ዳርቻ ቁጥቋጦ በመሆኑ፣ በቤይሩት ምሥራቃዊ ዳርቻ በደክዋኔ ለሚኖሩ ኢትዮጵያውያን ሠራተኞች ባዳ ተክል አይደለም። ስለ ተክሉ ከሚነገሩት ሁሉ ጎጂው፣ ቅጠሉ በርከት ተደርጎ ተፈልቶ ሲጠጣ የቀረ ወር አበባን ያመጣል፣ ተፈጥሯዊ ስለሆነም ሰውነትን አይጎዳም የሚለው እምነት ነው።

እምነቱ መሠረት የለውም ማለት አይቻልም፤ ተክሉ የማሕፀንን ጡንቻ የሚያኮማትሩ ንጥረ ነገሮች ስላሉት በብዙ አገሮች ለዚሁ ዓላማ ሲውል ኖሯል። ሐሰቱ «አይጎዳም» የሚለው ነው። የኡራጓይ የሞንቴቪዴዮ የመርዝ መረጃ ማዕከል እ.ኤ.አ. ከ1986 እስከ 1999 የደረሱትን ጥሪዎች መርምሮ በ2003 ባወጣው ጥናት፣ ፅንስ ለማስወረድ የዚህን ተክል ወገን አፍልተው ከጠጡት መካከል በርካታ የውስጥ አካሎቻቸው በአንድነት ሥራ ያቆሙባቸው ሴቶች ተመዝግበዋል። የቅጠሉ ዘይት መጠን እንደ አፈሩ፣ እንደ ወቅቱና እንደ ድርቀቱ ስለሚለያይ፣ «አንድ እፍኝ ይበቃል» የሚለው ምክር መለኪያ የሌለው ቁማር ነው፤ ፅንሱ ሳይወርድ እናቲቱ ብቻ የምትመረዝበት ጊዜም አለ።

የሊባኖስ ሕግ የእናትን ሕይወት ለማዳን ካልሆነ በቀር ፅንስ ማቋረጥን ስለሚከለክል፣ ከፋላ የተባለው ሥርዓትም የሠራተኛዋን የመኖሪያ ፈቃድ ከአንድ አሠሪ ጋር ስለሚያስር፣ ሐኪም ቤት መሄድን የምትፈራ ሴት ምክሩን መስማቷ አያስደንቅም፤ የሚያስቆጣው ደም ሲፈስ አጠገቧ የማይገኙት መካሪዎች በልበ ሙሉነት መናገራቸው ነው። ደም መፍሰስ፣ የማያቋርጥ ትውከት ወይም የሽንት መቀነስ የታየባት ሴት ሳትዘገይ ድንገተኛ ክፍል መድረስና የጠጣችውን ሳትደብቅ መናገር አለባት።

በስኒ ቡና ውስጥ የምትነከር አንዲት ቀንበጥ ከዚህ ጋር አትቆጠርም፤ ነፍሰ ጡር ግን እርሷንም ብትተዋት ይሻላል። ቡዳን ያርቃል የሚለውን በተመለከተ፣ ቅጠሉ በአንገት መታሰሩ ማንንም አይመርዝም። ትኩስ ቅጠል በገላ ማሸት ቆዳን ያጠራል የሚባለው ግን ስህተት ነው፤ በጭማቂው ውስጥ ያሉት ፉራኖኩማሪን የተባሉ ውህዶች የፀሐይ አልትራቫዮሌት ጨረር ሲያገኛቸው ቆዳን ያቃጥላሉ፣ ውኃ የቋጠረው ቁስል የሚወጣው ከአንድ ወይም ከሁለት ቀን በኋላ በመሆኑም ተክሉን የሚጠረጥር የለም፣ ጥቁሩ ምልክትም ለወራት ይቆያል። ስለዚህ በበጋ ፀሐይ በረንዳ ላይ ተክሉን የሚከረክም ሰው ጓንት ሊያጠልቅና እጁን ወዲያው በሳሙና ሊታጠብ ይገባል።