ከሰባት ቤት ቆጠራ የቀረ ስም፦ የቤተሰብ ታሪክን በቃል ትውስታ፣ በመዝገብና በፎቶግራፍ መፈለግ



ንግግሬን የምጀምረው በአንድ ፎቶግራፍ ነው። አክስቴ የሚኖሩት ጀሞ፣ በአንድ ኮንዶሚኒየም አራተኛ ፎቅ ላይ ነው። ከአልጋቸው ሥር በሚያኖሩት ሣጥን ውስጥ ጠርዙ የተበላ ጥቁርና ነጭ ፎቶግራፍ አለ። አያቴ በመካከል ወንበር ላይ ተቀምጠዋል፤ ሁለት ወንድሞቻቸው ግራና ቀኝ ቆመዋል፤ በስተቀኝ ጠርዝ ላይ ደግሞ ነጠላዋን የተከናነበች አንዲት ወጣት ሴት ትታያለች። በልጅነቴ እነማን እንደሆኑ ስጠይቅ የሦስቱ ወንዶች ስም ከነትውልድ አገራቸው ይነገረኝ ነበር። ሴቲቱ ዘንድ ሲደረስ ግን «እሷማ የቤት ሰው ናት» ተብሎ ይታለፋል። ያ ስም ለምን እንደ ታለፈና በኋላ በምን መንገድ እንደ ተገኘ ማስረዳት የዛሬው ዓላማዬ ነው።

የቤተሰብ ታሪክ ፍለጋ በእጅጉ ከተስፋፋባቸው አገሮች አንዷ እንግሊዝ ናት። በዚያ ፈላጊው የሚተማመነው በወረቀት ነው። አጥቢያ አብያተ ክርስቲያናት ጥምቀትን፣ ጋብቻንና ቀብርን እንዲመዘግቡ የታዘዙት እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ1538 ነው። መንግሥታዊው የልደት፣ የጋብቻና የሞት ምዝገባ በ1837 ተጀመረ። ከ1841 ወዲህ ያሉት የሕዝብ ቆጠራ ቅጾችም የሰዎችን ስም በየቤታቸው ይዘዋል። የቤተሰብ ስም ከአባት ወደ ልጅ ስለሚተላለፍ ያንኑ ስም ተከትሎ ወደ ኋላ መጓዝ ይቻላል። ይሁንና ወረቀትም ይጠፋል፤ በ1931 የተካሄደው የእንግሊዝና የዌልስ ቆጠራ ሰነድ በ1942 በእሳት ወድሟል።

የእኛ መንገድ የተለየ ነው። በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ የቤተሰብ ስምንም የክብር መዝገብንም ደንግጎ ነበር። ሆኖም የክብር መዝገቡ ድንጋጌዎች ሥራ ላይ ሳይውሉ ቆዩ፤ የቤተሰብ ስምም በሕዝቡ ዘንድ አልተለመደም። አገር አቀፉ የወሳኝ ኩነቶች ምዝገባ የተጀመረው ሐምሌ 30 ቀን 2008 ዓ.ም. ነው። ስለዚህ እንግሊዛዊው ከወረቀት ተነሥቶ ወደ ሰው ሲሄድ፣ እኛ ከሰው ተነሥተን ወደ ወረቀት እንሄዳለን።

የቃል ትውስታችን ጠንካራ የነበረው ያለ ምክንያት አይደለም። በጎጃምና በቤጌምድር ርስት የሚጠይቅ ሰው መሬቱን መጀመሪያ ከያዘው ከአቅኚው አባት አንሥቶ እስከ ራሱ ድረስ ትውልዱን ቆጥሮ ማስረዳት ነበረበት። ሐረጉ በአባትም በእናትም በኩል ስለሚመዘዝ ሴቶችም ይቆጠሩ ነበር። ጋብቻም እስከ ሰባት ቤት ዝምድና አለመኖሩን ማጣራት ይጠይቅ ነበር። በአዋጅ ቁጥር 31/1967 የገጠር መሬት የሕዝብ ንብረት ሲሆን የርስት ሙግት ቀረ፤ ትውልድ ከሚያስቆጥሩት ምክንያቶችም ትልቁ አብሮ ቀረ።

እዚህ ላይ ቆም ብለን አንድ ጥያቄ እናንሣ። ትውስታው የተጠበቀው ለርስትና ለጋብቻ ከሆነ፣ ርስት የማይደርሰው ሰው ስም በማን ይጠበቃል? የቃል ትውስታ ስሕተቱ በመርሳቱ ብቻ አይደለም፤ ከመነሻውም መርጦ ነው የሚይዘው። መዝገብም እንዲሁ። በጎንደር ዘመን የመሬት ሽያጭ፣ ስጦታና ኑዛዜ በአብያተ ክርስቲያናት መጻሕፍት ኅዳግና ባዶ ገጽ ላይ ይጻፍ ነበር። በእነዚህ ጽሑፎች ሻጩ፣ ገዢውና ምስክሮቹ በስም ይገኛሉ። መሬቱን በጉልበቱ ያለማው ሰው ግን ለውሉ ስለማያስፈልግ አይጠራም።

መዝገብ ሲገኝም ሁለት ጥንቃቄዎች ያስፈልጋሉ። የመጀመሪያው ስምን ይመለከታል። አንድ ሰው ዓለማዊ ስም፣ የክርስትና ስም፣ አንዳንዴም የፈረስ ስም ይኖረዋል። ተፈሪ መኰንን ኃይለ ሥላሴ የተባሉት ከመንገሣቸው አስቀድሞ በክርስትና ነው፤ የፈረስ ስማቸው አባ ጠቅል ነበር። ይህን የማያውቅ ተመራማሪ አንዱን ሰው ሦስት አድርጎ ይቆጥራል።

ሁለተኛው ዘመንን ይመለከታል። የሴት አያቴ መታወቂያ የልደት ዘመናቸውን 1920 ይላል። እሳቸው ግን «ንጉሡ በነገሡ ዓመት፣ በዘመነ ሉቃስ ተወለድሁ» ይሉ ነበር። ማጣራቱ ቀላል ነው። በዓመተ ምሕረቱ ላይ 5500 ደምረን ለ4 እናካፍላለን፤ ቀሪው 1 ከሆነ ማቴዎስ፣ 2 ከሆነ ማርቆስ፣ 3 ከሆነ ሉቃስ፣ ቀሪ ከሌለው ዮሐንስ ነው። 1920 ዘመነ ዮሐንስ ይሆናል፤ የንግሥ በዓሉ የተከበረበት 1923 ግን ዘመነ ሉቃስ ነው። መታወቂያው ላይ የሰፈረው ጸሐፊው በግምት የሞላው ድፍን ቁጥር ነበር። በዚህ ጉዳይ ትውስታ ወረቀትን አርሟል።

ፎቶግራፉ ደግሞ በተራው ትውስታን አረመ። በቤታችን «ይህ አያታችሁ ማይጨው ሊዘምቱ ሲሉ የተነሡት ነው» ይባል ነበር። ፎቶግራፉን በማጉያ መነጽር ስመረምር ግን በአያቴ ደረት ላይ የአርበኞች ሜዳሊያ አየሁ። ያ ሜዳሊያ ከ1933 ዓ.ም. ነጻነት በኋላ የተሰጠ በመሆኑ ፎቶግራፉ የስንብት ሊሆን አይችልም፤ ከድል በኋላ የተነሣ ነው። ቤተሰቡ አልዋሸም፤ ሁለት ታላላቅ ጊዜዎችን በአንድ ምስል አስሮ አቆይቷል። የዘመኑ መታወቅ ስለ ሴቲቱም የሚነግረን ነገር አለ፤ ባርነት በሕግ የተሻረው በ1934 ዓ.ም. ነውና።

ከዚህ በኋላ ወደ አክስቴ ተመለስሁ፤ ጥያቄዬን ግን ለወጥሁ። «ይህች ማን ናት?» ማለቱን ትቼ «ልጅ ሳሉ ማን ያዝልዎት ነበር?» አልኋቸው። ብዙ ዝም አሉ። ቀጥሎም ጣታቸውን በፎቶግራፉ ጠርዝ ላይ አሳረፉ። እኚህ ሴት ከጠላት ወረራ በፊት በግዢ ወደ ቤቱ የመጡ፣ አዋጁ ከወጣም በኋላ መሄጃ አጥተው በዚያው የቀሩ፣ አክስቴንና እናቴን በጀርባቸው አዝለው ያሳደጉ ነበሩ። በቤት የሚጠሩበት ስም አሳዳሪዎቻቸው ያወጡላቸው ነው። አክስቴ የክርስትና ስማቸውን የሰሙት አንድ ቀን ብቻ፣ ካህናቱ በፍትሐታቸው ሲጠሩት ነው። ሰባ ዓመት ግድም በልባቸው ይዘውት ኖረዋል፤ የጠየቃቸው ግን አልነበረም። ሲጀምሩ «እሷ» ይሉ የነበሩት አክስቴ ሲጨርሱ «እሳቸው» ይሉ ነበር።

ከዚህ የምናገኘው ትምህርት የሚከተለው ነው። የቃል ትውስታ፣ መዝገብና ፎቶግራፍ እያንዳንዳቸው የቆዩበት የየራሳቸው ምክንያት አላቸው፤ የቀረውም በዚያው ምክንያት የቀረ ነው። ስለዚህ አንዱን በሌላው ማረም ብቻውን አይበቃም። ሦስቱን አስተያይተን ማን እንደ ጎደለ መጠየቅ ይኖርብናል።

ለጀማሪዎች ጥቂት ምክር ልጨምር። አረጋውያንን ስለ ዘር ሐረግ ብቻ ሳይሆን ስለ ሥራ ጠይቁ፤ ማን ይፈጭ፣ ማን ውኃ ይቀዳ፣ ማን ልጅ ያዝል እንደነበር። የፎቶግራፍን ጀርባ አትለፉ፤ የስቱዲዮ ማኅተም ወይም የእጅ ጽሑፍ ሊኖረው ይችላል። የተነገራችሁን ስም በእርሳስ፣ ከተናጋሪውና ከቀኑ ጋር ጻፉበት። የዕድር መዝገብንም ፈልጉ፤ አባሉ ቢሞቱበት ዕድሩ የሚደርስለትን ቤተሰብ ስለሚዘረዝር ከመንግሥት ሰነድ ይልቅ ለቤቱ የቀረበ ነው። እንደ ጀሞ ባሉ ሰፈሮች ይህ ጊዜ የማይሰጥ ጉዳይ ነው። ብዙዎቻችን ከተለያዩ የከተማው ማእዘናት በዕጣ የመጣን ነን፤ የድሮ ጎረቤት ተበትኗል፤ አንዳንዱ የዕድር መዝገብም በቀድሞው ጸሐፊ ቤት ጆንያ ውስጥ ተቀምጧል።

በመጨረሻም የሰውን ምስጢር አክብሩ። የእኚህን ሴት ስም በዚህ መድረክ አልጠራውም፤ አክስቴ የነገሩኝ ለቤተሰቡ እንጂ ለአዳራሽ አይደለምና። ነገር ግን በፎቶግራፉ ጀርባ ከሦስቱ ወንዶች ስም ቀጥሎ ተጽፏል፤ ልጆቼም አሳዳጊ አያቶቻቸውን ሲቆጥሩ ይጠሩታል።