የጎማ ቡሎን ሲበጠስ

የማኅበራችን ንብረት የሆነችው አሮጌ ቶዮታ ኮሮላ፣ እ.ኤ.አ. በ1998 የተሠራችው፣ በቅርቡ በአንድ የዕረፍት ቀን አምስት ተማሪዎች ጭና ከአማን ወደ ሙት ባሕር ልትወርድ ስትል፣ ከፊት ግራ ጎማዋ በኩል ኳ፣ ኳ የሚል ድምፅ ተሰማ። ወርደን ስናይ ጎማውን ከያዙት አራት ቡሎኖች አንዱ ተበጥሷል፤ የሌላው ዳዶ ጥርሱ ተበልቶ በጣት ይዞራል። «ሁለቱ ደኅና ናቸው፣ ቀስ ብለን እንሂድ» ያሉ ከመካከላችን ነበሩ። ቁልቁለቱ ከ1,100 ሜትር በላይ እንደሚወርድ መንገዱን የሄደበት ሁሉ ያውቀዋል። ጉዞው ቀረ። በመቅረቱ ያኮረፉ ወንድሞችና እኅቶች እስከ ዛሬ ስላሉ፣ ይህ ጽሑፍ በከፊል ለእነርሱ መልስ ነው።

ብዙዎቻችን መኪናው በቡሎኖቹ ላይ፣ ኮት በሚስማር ላይ እንደሚሰቀል፣ የተንጠለጠለ ይመስለናል። ነገሩ እንደዚያ አይደለም። ዳዶው ሲጠብቅ ቡሎኑ በጥቂቱ ይለጠጣል፤ እንደ ተሳበ ሞላ ሆኖም ቸርኬውን ከሞዞው ጋር አጣብቆ ይይዛል። ጭነቱን የሚሸከመው በአብዛኛው በሁለቱ መካከል ያለው ሰበቃ ነው። ዳዶው ከላላ ግን ቸርኬው በየዙሩ ይንቀሳቀሳል፤ ቡሎኑም ወዲያና ወዲህ እንደሚታጠፍ ሽቦ ደክሞ ይበጠሳል። የተበጠሰው ድርሻ ለቀሩት ይተላለፋል። ስለዚህ አንዱ ከተበጠሰ ሌሎቹ ተራ ይጠብቃሉ ማለት ነው፤ በተለይም እንደ እኛዋ አራት ቡሎን ብቻ ባላት መኪና።

ከመጠን በላይ ማጥበቅም ያው ጉዳት አለው። ከዚያ በፊት ጎማ ያስለወጥንበት ቤት ዳዶዎቹን በአየር መሣሪያ እስኪያጓሩ ድረስ አጥብቋቸው ነበር፤ የጉዳቱ መነሻ ይህ ነው ብለን እንገምታለን። ለኮሮላ የተወሰነው መጠን 103 ኒውተን ሜትር ነው። ይህም 35 ሳንቲ ሜትር ርዝመት ባለው መፍቻ ጫፍ ላይ 30 ኪሎ ያህል እንደ መጫን ነው። 70 ኪሎ የሚመዝን ወንድማችን «ይጠብቅ» ብሎ መፍቻው ጫፍ ላይ ሲቆምበት ከእጥፍ በላይ ሆነ ማለት ነው። ይህን ልማድ ከአገር ቤት ይዘነው የመጣን ሳንሆን አንቀርም።

የተበላሹት ሁለት ቢሆኑም አራቱንም ለመለወጥ ወሰንን፤ የቀሩት ሁለቱ ከድርሻቸው በላይ ሲሸከሙ ቆይተዋልና። የኛዋ ቡሎን ውፍረቱ 12 ሚሊ ሜትር፣ ከጥርስ እስከ ጥርስ ያለው ርቀት 1.5 ሚሊ ሜትር ነው። ነገር ግን ቁጥሩ ብቻ አይበቃም፤ ሞዞው ውስጥ የሚቀረቀረው ባለ ሽንትር አንገቱም መግጠም አለበት። አሮጌውን በእጅ ይዞ ወደ ሱቅ መሄድ ከሁሉ ይሻላል። እንደ ፎልክስቫገንና ቤ.ኤም.ቬ. ባሉት ብዙ የአውሮፓ መኪኖች ደግሞ ቡሎኑ ከውጭ ተጠምዝዞ ስለሚገባ ይህ ሁሉ ጣጣ የለም።

መኪናዋን ሜዳ ላይ አቁመን የእጅ ፍሬን ይዘን ከኋላ ጎማዋ ሥር ድንጋይ አደረግን። ዳዶዎቹን ገና መሬት ላይ ሳለች አላላናቸው። በክሪክ ካነሣናት በኋላ ጠንካራ ማቆሚያ ከሥሯ አስገባን፤ ክሪክን ብቻ አምኖ መሥራት ፈጽሞ አይገባም። ጎማው ሲወጣ የፍሬኑን መያዣ ሁለት ቡሎኖች ፈትተን በሽቦ አንጠለጠልነው። በጎማ ቱቦው ተንጠልጥሎ ቢቀር ቱቦው ተጎድቶ በኋላ ፍሬን ሊያሳጣን ይችል ነበር። ከዚያ ዲስኩ ተስቦ ይወጣል። ሞዞውን እያዞርን ከኋላው ባዶ ቦታ ያለበትን አቅጣጫ ፈልገን አሮጌውን ቡሎን ከፊት በመዶሻ መትተን ወደ ኋላ አስወጣነው። ከሚገባው በላይ መደብደብ ኩሽኔታውን ስለሚጎዳ፣ እምቢ ያለውን ቡሎን ጋራዥ ወስዶ በመጫኛ ማስወጣት ይሻላል።

አዲሱ ቡሎን ከኋላ ይገባና ሽንትሮቹ ከቀዳዳው ሽንትር ጋር ይስተካከላሉ። ከፊት በኩል ሦስት አራት ሮንዴላ ደርድረን፣ የአንድ አሮጌ ዳዶ ጠፍጣፋ ፊት በሮንዴላው ላይ እንዲያርፍ አድርገን ቀስ በቀስ አጠበቅነው። ቡሎኑ እየተሳበ መጥቶ ጭንቅላቱ ከሞዞው ጀርባ ጋር ክፍተት ሳይኖረው ሲገጥም ሥራው አለቀ። አሮጌ ዳዶ የመረጥነው በዚህ ሥራ ጥርሱ ሊበላሽ ስለሚችል ነው፤ በመጨረሻው ላይ አዲስ ዳዶ ገባ።

በዲስኩና በቸርኬው መካከል ያለውን ዝገት በሽቦ ብሩሽ ጠርገን አጸዳን። ከመካከላችን አንዱ የቡሎኑን ጥርስ ግራሶ ሊቀባ ሲል ከለከልነው፤ የተወሰነው መጠን ለደረቅ ጥርስ የተሰላ ስለሆነ፣ ግራሶ ሲኖር በዚያው ኃይል ቡሎኑ ይበልጥ ይለጠጣል። ዳዶዎቹን በመጀመሪያ በእጅ አስገባናቸው፤ ከዚያም አንዱን አጥብቀን ወደ ትይዩው እየተሻገርን፣ መኪናዋ መሬት ከነካች በኋላ በመለኪያው መፍቻ 103 ላይ ጨረስን።

ከ100 ኪሎ ሜትር ጉዞ በኋላ እንደ ገና ብንለካ አንደኛው ዳዶ ጥቂት ዞረ። መለኪያ ያለው መፍቻ በማኅበሩ ክፍል ቁም ሣጥን ውስጥ ይገኛል፤ የሚወስድ አባል ስሙንና ቀኑን በመዝገቡ ላይ ያስፍር።